ፔኒ ድሬድፉልን ዛሬ እንዴት እናንብብ? ከ«ቫርኒ ዘ ቫምፓየር» ጋር የሚሄድ ዝርዝር መመሪያ

ስለ አንድ ደም መጣጭ ቫምፓየር የሚተርከውን የእንግሊዝኛ ፔኒ ድሬድፉል፣ «ቫርኒ ዘ ቫምፓየር»ን፣ በጉጉት ከፍቶ ሃያኛው ምዕራፍ አካባቢ የሚተወው ሰው ብዙ ነው። አይፈረድበትም። መጽሐፉ ከ200 በላይ ምዕራፍ አለው። ገጾቹ በሁለት አምድ የታጨቁ ናቸው፣ ቁጥራቸውም ወደ 870 ይጠጋል። ገጸ ባሕርያቱ አንዱን ጉዳይ ሦስት አራት ጊዜ ያነሱታል፣ ትናንት የተወሰነው ዛሬ እንደ አዲስ ይጀመራል፣ የሞተው ሰውዬ ደግሞ ይነሳል። አንድ ሳምንት ዘግቼ ልጨርሰው ያለ ሰው መድከሙ አይቀርም።

ግን ይኼ ታሪክ ሲወጣ መጽሐፍ አልነበረም። ከ1845 እስከ 1847 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ ሆኖ በየሳምንቱ እየወጣ፣ እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ፔኒ ይሸጥ ነበር። የኔ ምክር ባጭሩ፦ በተሸጠበት መንገድ አንብቡት። ያኔ ያ ሁሉ «ችግር» የመሰላችሁ ነገር ለምን እንደተደረገ ይገባችኋል። እንዲያውም አብዛኛውን ትወዱታላችሁ።

1. የያዛችሁት ምን እንደሆነ እወቁ

የቪክቶሪያ ዘመን ፔኒ ድሬድፉል ስምንት ገጽ ያለው ርካሽ ወረቀት ነው። ፊቱ ላይ እንጨት ተቀርጾ የታተመ አስደንጋጭ ሥዕል አለ። አንዲት ሴት ስትጮህ፣ ጩቤ የያዘ እጅ፣ የተከፈተ መቃብር፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ከሥዕሉ ሥር ታሪኩ በደቂቅ ፊደል በሁለት አምድ ይወርዳል። ከትልልቆቹ አሳታሚዎች አንዱ ኤድዋርድ ሎይድ ነበር፣ «ቫርኒ»ንም ያሳተመው እሱ ነው። በዚያ ጊዜ የቻርልስ ዲክንስ ልብ ወለድ በየወሩ ሲወጣ አንዱ ክፍል አንድ ሽልንግ፣ ማለትም 12 ፔኒ ነበር። ለቀን ሠራተኛ፣ ለቤት ሠራተኛ፣ ሙያ ለሚለማመድ ልጅ 12 ፔኒ የሚቀመስ አይደለም። አንድ ፔኒ ግን ከየትም ይገኛል፤ ከጓደኛ ጋር አዋጥቶ መግዛትም ይቻላል።

ጸሐፊዎቹ የሚከፈላቸው በጻፉት ልክ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ታሪክ ይዘው ይጽፋሉ፣ የጻፉትን መለስ ብሎ ለማየት ጊዜ የላቸውም። ይኼን ካወቃችሁ ሦስት ነገሮች ወዲያው ግልጽ ይሆኑላችኋል።

አንደኛ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ሁለት ቃል እየተወራወሩ ገጹን ሲያጋምሱት አምድ እየሞሉ ነው። ሁለተኛ፣ ባለፈው የሆነው ሁሉ እንደገና ሲተረክ ያለፈው ሳምንት ላመለጠው ሰው እየተነገረ ነው። ሦስተኛ፣ ነገሩ ልክ ሲጦፍ የሚቋረጠው ያቺ ፔኒ በሚቀጥለው ሳምንት እንድትመጣ ነው። ስምንቱ ገጽ ስላለቀ ብቻ ክፍሉ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ የሚቆምበት ጊዜም ነበር።

2. ቅጂ ምረጡ

«ቫርኒ» በነፃ ይገኛል። የቆዩ መጻሕፍትን በነፃ የሚያቀርበው ድረ ገጽ፣ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ ያለው ግን ሙሉው ሳይሆን መቶ የማይሞሉት የመጀመሪያ ምዕራፎች ናቸው። ለጀማሪ ይበቃል፣ ይተርፋልም። እዚያ ላይ ደራሲው ቶማስ ፕሬስት ተብሎ ብታዩ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ጄምስ ማልኮም ራይመር ተብሎ ብታገኙ ግራ አይግባችሁ። ታሪኩ ሲወጣ የጸሐፊ ስም አልነበረበትም። ዛሬ አብዛኞቹ አጥኚዎች የራይመር ነው ይላሉ።

በስልክ የምታነቡ ከሆነ የድሮውን ኅትመት ፎቶ በፒዲኤፍ አትያዙ። ባለ ሁለት አምድ ገጽ በትንሽ ስክሪን ላይ እያሰፉና እየጎተቱ ማንበብ ዓይን ያጠፋል። ለንባብ ኢፐብ የሚባለውን፣ ጽሑፉ በስክሪኑ ልክ የሚስተካከለውን ፋይል ውሰዱ። ሥዕሎቹን ግን ፈልጋችሁ ማየት አለባችሁ። የዚያን ዘመን ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ሥዕሉን ነበር፣ ታሪኩም ብዙ ጊዜ ወደ ሥዕሉ እየተጎተተ ይሄዳል።

3. ምዕራፍ አንድን ቀስ ብላችሁ፣ ከተቻለም ማታ አንብቡ

መጽሐፉን ሁሉ ባታነቡ እንኳ ይቺን አታስቀሩ። አስፈሪ ታሪክ ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ሊያነባት ይገባል።

የካቴድራል ሰዓት እኩለ ሌሊት ይመታል። አየሩ ከባድ ነው፣ ምንም አይንቀሳቀስም። ከዚያ በረዶ መጣል ይጀምራል፣ መስኮት የሚሰብር በረዶ። ክፍሉ ውስጥ ፍሎራ ባነርዎርዝ የምትባል ወጣት ተኝታለች፤ ግድግዳው ላይ ፊቱ የገረጣ፣ ዓይኑ ደስ የማይል የአንድ ሰው ሥዕል አለ። ይቺን ሥዕል በአእምሯችሁ ያዙ፣ በኋላ ብዙ ነገር ትሸከማለች።

አሁን ድምፁን ልብ በሉ። ፍሎራ መስታወቱ ላይ ቋ ቋ የሚል ትሰማለች። በረዶው ነው ብላ ታስባለች። በረዶው ካቆመ በኋላም ድምፁ ይቀጥላል። መብረቅ ሲበርቅ አንድ ረጅም ሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ ይታያል፤ መስታወቱን እየቧጠጠ ያለው ለዓመታት ያልተቆረጠ ጥፍሩ ነው። አንዷ መስታወት ትሰበራለች፣ ሥጋ የሌለው የሚመስል እጅ ገብቶ መቀርቀሪያውን ይፈልጋል። ፍሎራ መጮህ አቅቷታል። ውጭ መብረቅ የመታው ወፍጮ ቤት ይነዳል፣ የእሳቱ ቅላት ሰውየውን ከጀርባ ያበራዋል። ፊቱ ደም የሌለው ነጭ ነው፣ ዓይኑ የተወለወለ ቆርቆሮ ይመስላል፣ ጥርሱ እንደ አውሬ ወደ ፊት ወጥቷል።

ጸሐፊው ይኼን ሁሉ የሚነግራችሁ በአሁን ጊዜ ነው፤ «ገባ» ሳይሆን «እየገባ ነው» በሚል ዓይነት። ሰውየው መስኮት ላይ ከታየበት እስከሚነክስበት ድረስ ገጾች ይቆጠራሉ። ጸሐፊው ለገንዘብ ሲል አስረዝሞት ሊሆን ይችላል። ግን ማርዘሙ ራሱ ነው የሚያስፈራው። ፍሎራ ወደ አልጋው ጠርዝ በስንዝር በስንዝር እየተንሸራተተች ነው፣ እሱ ጸጉሯን በአጥንታም እጁ ጠቅልሎ እስኪይዛት ድረስ አንባቢውም መተንፈስ ያቅተዋል። ምዕራፉ ሰውየው ደሟን መጠጣት ሲጀምር እዚያው ላይ ያበቃል።

እናንተም እዚያው አቁሙ። እውነቴን ነው፣ ምዕራፍ ሁለትን በዚያው ሌሊት አትክፈቱ።

4. ድርሻችሁን ቁረጡ

አንድ የፔኒ ክፍል በአማካይ ወደ ሁለት ምዕራፍ ገደማ ይይዝ ነበር። እናንተም በአንድ ቁጭታ ሁለት ምዕራፍ፣ ቢበዛ ሦስት አንብባችሁ ዝጉ። በየሳምንቱ ብትሉ የድሮውን አካሄድ ታገኙታላችሁ፣ ካልቻላችሁ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ አድርጉት። ዋናው መሀል ላይ ክፍተት መኖሩ ነው። ክፍተቱ ውስጥ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ትረሳላችሁ፣ ትገምታላችሁም። ስትረሱ ያ አሰልቺ ይመስል የነበረው ድጋሚ ትረካ አገልግሎት ይሰጣችኋል። ስትገምቱ ደግሞ ጸሐፊው ከእናንተ ጋር መጫወት ይጀምራል።

ከተቻለ ከሰው ጋር አንብቡት፣ ድምፅ አውጥታችሁ። ይኼ ጌጥ አይደለም፣ ጽሑፉ የተሠራው ለዚያ ጭምር ነው። ሄንሪ ሜይሂው የሚባለው ጋዜጠኛ የለንደንን ድሆች ኑሮ በመዘገበበት፣ በ1851 በወጣው ሥራው፣ ጋሪ እየገፉ አትክልትና ዓሣ የሚሸጡ ሰዎች ማንበብ የሚችለውን ከበው እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ሲነበብላቸው እንደሚያዳምጡ ይነግረናል፣ ሥዕሉ ምን እንደሆነም አንባቢውን ይጠይቁታል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማ ሰው ይኼ ይገባዋል። ዓይን የሚዘለውን ጆሮ አይዘለውም፤ ወረቀት ላይ የበዛ የመሰለ ቃለ አጋኖ በጥሩ አንባቢ አፍ ልክ ይሆናል።

ሁለት ሦስት ጓደኛ ካላችሁ ተራ በተራ በድምፅ ቀድታችሁ ተላላኩ። ዱባይ ያለው ለአዲስ አበባው፣ የአዲስ አበባው ዋሽንግተን ላለችው። ቀጥሎ የሚሆነውን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ዝም ይበል፣ ሕጉ ይኼ ብቻ ነው።

5. እንግሊዝኛው አያስፈራችሁ

ትምህርት ቤት በተማርነው እንግሊዝኛ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ዓረፍተ ነገሮቹ ረዣዥም ናቸው፣ በሰረዝ በሰረዝ እየተቀጣጠሉ ይሄዳሉ። ግን የቃላቱ ክምችት ከሚመስለው ያነሰ ነው። ጸሐፊው ስለሚቸኩል አንድ ነገር ላይ ሦስት ቅጽል ይከምራል፣ ሦስቱም ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይላሉ። መገርጣት፣ መደንገጥ፣ መሳት፣ መቃብር፣ ጨለማ፤ በነዚህ ዙሪያ የሚሽከረከሩትን ቃላት ከያዛችሁ የመጽሐፉን ግማሽ ፍርሃት ይዛችኋል።

ስለዚህ የማታውቁት ቃል ሁሉ ላይ መዝገበ ቃላት አትክፈቱ። አንድ ቃል ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣባችሁ ያኔ ፈልጉት። እስከዚያ ከዐውዱ ይታወቃል። የሚያስቸግራችሁ የአድሚራል ቤልና የአሽከሩ የጃክ ፕሪንግል ንግግር ነው። ሁለቱም የባሕር ሰዎች ናቸው፣ የሚናገሩትም በመርከበኛ አነጋገር፣ በስድብና በመሐላ ነው። ጮክ ብላችሁ ካነበባችሁት ብዙው ይፈታል፤ ያልተፈታውን እለፉት፣ የሚጎድልባችሁ ነገር የለም።

6. ትንሽ ማስታወሻ ያዙ

በስልካችሁም ይሁን በወረቀት፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ስሞቹን ጻፉ፦ ፍሎራ፣ ወንድሞቿ ሄንሪና ጆርጅ፣ የቤተሰቡ ወዳጅ ማርችዴል፣ እጮኛዋ ቻርልስ ሆላንድ፣ ሐኪሙ ቺሊንግዎርዝ፣ ሁለቱ መርከበኞች፣ ከዚያም ሰር ፍራንሲስ ቫርኒ። በየስሙ ጎን ያን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የት እንደተዋችሁት አንድ መስመር ብቻ።

ከሥር ለተቃርኖዎች ቦታ ተዉ። ብዙ ታገኛላችሁ። ትልቁ ቫርኒ ራሱ ነው፤ እንዴት ቫምፓየር ሆነ የሚለው ጥያቄ መጽሐፉ ውስጥ ከአንድ በላይ መልስ አለው። አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም ጨርሶ ቫምፓየር ባይሆንስ፣ ተሰቅሎ በሐኪም የዳነ ወንጀለኛ ቢሆንስ ያሰኛል። ሌላ ቦታ ደግሞ መቶ ዓመታት ወደ ኋላ የሚሄድ ኃጢአት ይነገራል። ይኼን እንደ ጉድለት ብቻ አትዩት። ጸሐፊው በየሳምንቱ ሐሳቡን ሲቀይር በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ ያለቀለት የተስተካከለ መጽሐፍ ይኼን አያሳያችሁም።

7. ምን ይታለፍ፣ ምን አይታለፍ

በታሪኩ መሀል የሚገቡ ሌሎች ታሪኮች አሉ። አንዱ ሰው መጽሐፍ አንስቶ ያነባል ወይም ያለፈ ታሪክ ይተርካል፣ እኛም ለገጾች ከእሱ ጋር እንሄዳለን። ካልያዛችሁ ያለ ጸጸት ዝለሉ። የመርከበኞቹ ጠብም ሲደጋገም እንዲሁ።

እነዚህን ግን አትለፉ። ምዕራፍ 5ን፣ የተመታው ቫምፓየር ጨረቃ ሲያርፍበት ቀስ ብሎ የሚነሳበትን። ምዕራፍ 9ን፣ ወንዶቹ በሌሉበት ቫምፓየሩ ሲመለስ ፍሎራ ራሷ ሽጉጥ የምትተኩስበትን። በምዕራፍ አንድ ራሷን የሳተችው ልጅ ናት። የዚያ ዘመን ሴት ገጸ ባሕርይ ከመሳት ሌላ ሥራ የላትም ብለው ለሚያስቡ መልስ የሚሆን ትዕይንት ነው። ከዚያም የመንደሩ ሰው ሆ ብሎ የሚወጣበትን፣ መቃብር ቆፍሮ የሬሳ ሣጥን የሚከፍትበትን ምዕራፎች። ለእኔ መጽሐፉ ውስጥ ከቫርኒ በላይ የሚያስፈራው ያ ሕዝብ ነው። ቫርኒ ቢያንስ የሚፈልገውን ያውቃል።

8. ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ

ዛሬ የሚያነብ ሰው ከዚያን ጊዜው አንባቢ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፣ ትንሽ ታሪክ ማወቅም ብዙ ይከፍታል።

በ1828 ኤዲንብራ ውስጥ በርክና ሄር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሰው እየገደሉ ሬሳውን ለሕክምና መምህር ሲሸጡ ተይዘዋል፤ የገደሏቸው 16 ናቸው። ከዚያ በ1832 የወጣው ሕግ ማንም የኔ ነው ያላላቸው ሬሳዎች ለሐኪሞች ትምህርት እንዲሰጡ ፈቀደ። የኔ ነው የሚል የሌለው ሬሳ ደግሞ በአብዛኛው የድሃ መጠለያ ውስጥ የሞተ ሰው ነው። እንግዲህ ያቺን ፔኒ ከፍሎ የሚያነበውን ሰው አስቡት። መቃብር ተከፍቶ ሬሳው ጠፍቶ ሲያገኝ፣ ወይም ሐኪም ከሞተ ሰው አካል ጋር ሲታገል ሲያነብ፣ ፍርሃቱ ስለ ራሱ ሬሳ ጭምር ነው። ዶክተር ቺሊንግዎርዝን በዚህ ዓይን እዩት።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ይኼን ሳታዩ «ቫርኒ»ን ካነበባችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል። የባነርዎርዝ ቤተሰብ አያቶቹ ያባከኑት፣ ስሙ እንጂ ሀብቱ የሌለው ቤተሰብ ነው። ሰር ፍራንሲስ ቫርኒ ደም ከጠጣ በኋላ ምን ያደርጋል? ቤታችሁን ልግዛ ብሎ በጨዋ ቋንቋ ደብዳቤ ይልካል። ያ ደብዳቤ ሲመጣ ቆም ብላችሁ አንብቡት። በሌሊት በመስኮት የገባው፣ በቀን የባለ ማዕረግ ልብስ ለብሶ በበር የሚመጣው አንድ ሰው ነው። በኋለኞቹ ክፍሎች ስሙን እየቀያየረ፣ ባሮን ነኝ እያለ፣ ወጣት ሴት ሊያገባ ይሞክራል፤ የአንዷ እናት ሀብቱን አይታ ልጇን ልትሰጠው ትጣደፋለች። ጥርስ የሌላቸው ቫምፓየሮች እዚያ ቤት ውስጥ ሞልተዋል።

በዚህ ላይ ስለ ቫምፓየር የምታውቁትን ደንብ ለጊዜው አስቀምጡ። «ድራኩላ» የወጣው በ1897 ነው፣ ከዚህ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ። ረጃጅም ጥርስና አንገት ላይ የሚቀሩ ሁለት ቀዳዳዎች እዚህ አሉ። ፀሐይ የሚያቃጥለው ቫምፓየር ግን የለም፤ ቫርኒ በቀን ይወጣል፣ ይጋብዛል፣ ይከራከራል። የሚያስነሳው ጨረቃ ነው። በኑሮው የሚያዝን፣ ለበደለው የሚራራ ቫምፓየር የዘመናችን ፊልም ፈጠራ የሚመስለው ሰው ካለ ቫርኒን ሲያገኘው ይደነግጣል። መጨረሻው ላይ ቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ውስጥ ራሱን የሚጥለው ኑሮ ስለሰለቸው ነው። ይኼን አስቀድሜ በመናገሬ ያበላሸሁባችሁ ነገር የለም፤ ታሪኩ መጨረሻውን ለመጠበቅ አልተጻፈም።

9. የሚያናድዳችሁ ነገር ይኖራል

ፔኒ ድሬድፉል በአጠቃላይ ስለ ሴት፣ ስለ አይሁድ፣ ስለ ባዕድ አገር ሰው የሚናገረው ዛሬ አፍ የሚያስይዝ ብዙ ነገር አለው። አልፎ አልፎ አላዋቂነት ነው፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ጥላቻ ነው። ልዩነቱን ለማየት ቀላሉ መንገድ አንድ ጥያቄ ነው፦ ጸሐፊው ይኼን ሰው ያናግረዋል ወይስ ያሳየዋል ብቻ? በራሱ አፍ የሚናገር ገጸ ባሕርይ ከጸሐፊው ሐሳብ ያመልጣል። ምልክት አድርጋችሁ ቀጥሉ፣ ከባሰባችሁም ያን ታሪክ ተዉት፤ ሌላ ሞልቷል።

10. ቀጥሎ ወደ ስዊኒ ቶድ

የጉተንበርጉን ክፍል ስትጨርሱ ወዲያው የቀረውን «ቫርኒ» አትፈልጉ። «ዘ ስትሪንግ ኦቭ ፐርልስ»ን ያዙ። እሱም ከሎይድ ማተሚያ ነው፣ ከኅዳር 1846 እስከ መጋቢት 1847 በ18 ክፍል የወጣ። አጭር ነው፣ የተገጠመ ነው፣ ደንበኞቹን የሚገድለው ፀጉር አስተካካይ ስዊኒ ቶድ መጀመሪያ የታየውም እዚህ ነው። በጣም ስለተወደደ ተከታታዩ ሳያልቅ ቲያትር ተሠርቶበታል።

የዚህኛው አነባበብ ትንሽ ይለያል። የቶድ ተባባሪ ሚስስ ለቬት የምትሸጠው ፓይ (በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ሥጋ) ከተገደሉት ሰዎች ሥጋ እንደሚሠራ ዛሬ ብዙዎቻችን እናውቃለን። የ1847 አንባቢ ግን አያውቅም ነበር፤ ጸሐፊው በግልጽ የሚናገረው መጨረሻው ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ ምሥጢሩን እያወቃችሁ፣ ጸሐፊው እንዴት እንደሚደብቀው እያያችሁ አንብቡ። ሱቁ ውስጥ የሚከማቸውን ባለቤት አልባ ባርኔጣ፣ በሴንት ደንስታን ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑን አፍንጫ የሚያስይዛቸውን ሽታ፣ ምድር ቤት ተቆልፎበት ሥጋው ከየት እንደሚመጣ እንዳይጠይቅ የታዘዘውን ጋጋሪ፣ ጌታውን ፀጉር ቤቱ በር ላይ የሚጠብቀውን ውሻ፣ እያንዳንዳቸውን ሲመጡ ጻፏቸው። በየክፍሉ ስንት እንደሚጨመርና አንባቢው መጠርጠር የሚችለው በስንተኛው ክፍል ላይ እንደሆነ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወራረዱበት።